ሰዓሊው ስለ ሸራው፣ ባለጋለሪው ስለ ግድግዳው

ሥዕል ፊት ቆሞ ሰዓሊውን «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጠያቂውም ክፋት የለበትም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎችና ጋለሪዎች ለዓመታት ስመላለስ እንደታዘብኩት ከሆነ፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ የሚያበርደው ይኸው ጥያቄ ነው። ሰዓሊው ወይ «ተመልካቹ እንደ ስሜቱ ይተርጉመው» ብሎ በትሕትና ያልፈዋል፣ ወይ ደግሞ ለዐውደ ርእዩ መክፈቻ ከተዘጋጀው ጽሑፍ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተውሶ ይመልሳል። ጨርቁን ከየት እንዳገኘው፣ የትኛውን ጥግ አጥፍቶ እንደገና እንደሠራው፣ ለምን እዚያ ጋ ቀይ እንዳበዛ ሲጠየቅ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቀመጣል፤ ቡናውም ይረሳል። የጋለሪ ባለቤቶችም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። «ለሥነ ጥበብ ያለዎት ፍቅር ከየት መጣ?» ሲባሉ የሚናገሩትና «የዚህ ቤት ኪራይ በወር ስንት ሆነ?» ሲባሉ የሚናገሩት በድምፃቸው ሳይቀር ይለያያል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከእነዚህ ጭውውቶች ያተረፍኩትን በአንድ ቦታ ለማኖር ነው። ያነጋገርኳቸውን ሰዎች በስም አልጠራም፤ ለማሳተም ተብሎ የተደረገ ቃለ መጠይቅ አልነበረምና። በስም የማነሣቸው ሥራቸውና ታሪካቸው በአደባባይ የሚታወቀውን ብቻ ነው።

«ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ዕድሜ ያለው ጥያቄ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመኗ ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ፣ ዓይኑ የቅዱሳንን፣ የነገሥታትንና የጦርነትን ሥዕል የለመደው ተመልካች የሚታወቅ ነገርን ቅርጽ በማይከተል ረቂቅ ሥዕል ፊት ግራ መጋባቱ የሚገርም አልነበረም። ሥዕሎቹ የፈረንጅ ናቸው ያሉ ነበሩ። ሰዓሊው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ተቀበለ፤ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶም እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን ቀርተው ከነበሩት ሥራዎቹ ሠላሳ ያህሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። እዚያ ስሄድ ጎብኚው አሁንም ከሥዕሉ ይልቅ በሥዕሉ ሥር ያለውን መግለጫ ለረጅም ጊዜ ሲያነብ አያለሁ፤ መግለጫው ሲያልቅ ሥዕሉም ያለቀ ይመስል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከስልሳ ዓመት በኋላም መልሱን የምንፈልገው ከወረቀቱ ላይ ነው።

እኔ ወደ ጨርቁ ልሂድ። ከውጭ የሚመጣ ተዘጋጅቶ የተወጠረ ሸራ በአዲስ አበባ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። ስለዚህ ብዙዎች ከመርካቶ አቡጀዲ በሜትር ገዝተው ራሳቸው ያዘጋጃሉ። አንድ አንጋፋ ሰዓሊ ሥራውን ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አናጢ ቆርጦ ያመጣላቸውን ጣውላ በማዕዘኑ ገጣጥመው ፍሬሙን መሬት ላይ አጋደሙት፤ አቡጀዲውን አለበሱትና በመጀመሪያ የአራቱን ጎኖች መካከል ብቻ በትንንሽ ሚስማር ያዙ፤ ከዚያ ከመካከል ወደ ጥግ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ወገን እየሳቡ ሄዱ። ከአንድ ጥግ ከተጀመረ ጨርቁ ይጣመማል፤ የተጣመመ ጨርቅ ደግሞ ቀለም ከተቀባ በኋላ አይታረምም። ውኃ ረጨት ሲያደርጉበት ጨርቁ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በጣታቸው መታ አድርገው እንደ ከበሮ ሲጮህላቸው ብቻ ወደ ቀለሙ ዞሩ። ነጭ ቀለም ከኮላ ጋር በጥብጠው ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ በመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ይህ ሁሉ የተደረገው ሥዕል ሳይጀመር ነው። ሥዕሉ ስለ ምን እንደሚሆን በጠየቅኋቸው ጊዜ ገና እንዳላወቁ ነገሩኝ፤ ቀጥለው ግን ጨርቁን በሚያዘጋጁበት ሰዓት እንደሚወስኑ፣ ሸራ ተዘጋጅቶ ሲመጣላቸው ግን ቶሎ ብለው የለመዱትን ነገር መሣል እንደሚቀናቸው አጫወቱኝ። ስለ ፈጠራ ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ይህ ይሻለኛል።

የቀለም ነገር ከዚህ የባሰ ነው። የዘይት ቀለምም አክሪሊክም ከውጭ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ የአንድ ቱቦ ቀለም ዋጋም አብሮ ተነሣ። ያን ጊዜ ያገኘኋቸው ወጣት ሰዓሊዎች ስለ ገበያው ያማረሩትን ያህል ስለ ሥዕላቸው መለወጥም አውርተውኛል። ቀለም በወፍራሙ መለጠፍ የሚወድ ሰው ማቅጠን ጀመረ፤ ሌላው ወደ ከሰልና ወረቀት ተመለሰ፤ ሌላዋ የአሮጌ ጋዜጣና የማዳበሪያ ከረጢት ቁርጥራጭ እየለጠፈች መሥራት ያዘች። ከዓመታት በኋላ አንድ ተመራማሪ «የዘመኑ ሰዓሊዎች ወደ ቁጥብነት አዘነበሉ» ብሎ ቢጽፍ የቱቦውን ዋጋም እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ።

እርግጥ ነው፣ ያልተለመደ ማቴሪያል የችግር ልጅ ብቻ አይደለም። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጣሪዎችን ጎን ለጎን አሰልፈው በላዩ ላይ ከብራና ሥዕልና ከጠልሰም የተወረሱ ምስሎችን በመሥራት ይታወቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢያናሌ፣ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ከተሸለሙት አንዱም እሳቸው ነበሩ። ቀርከሃውን የመረጡት ሸራ ስላጡ ነው ማለት ሥራውን አለማየት ነው፤ በስንጣሪዎቹ መካከል ያለው መስመር ምስሉን እየቆረጠው ስለሚያልፍ ዓይን እንደ ሸማ ጥበብ ከላይ ወደ ታች እንዲያነብ ይገደዳል። ኤልያስ ስሜም እንዲሁ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገዛውን የኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ በእንጨት ላይ እየቸነከረና እየጎነጎነ የሚሠራቸው ግዙፍ ሥራዎች ዛሬ በታላላቅ የአሜሪካ ሙዚየሞች ይታያሉ። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ የሚመስለው፣ ሲጠጉት ሺሕ ጊዜ የተጠማዘዘ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ አቋቁመውት እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ግድግዳው ራሱ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ነው፤ በግድግዳው ላይ የወጣው ቅርጽ ከብዙ ጋለሪዎች ውስጥ ከተሰቀለው ይልቅ ቆሜ እንዳየው ያደርገኛል።

ሰዓሊዎች ስለ ማቴሪያል ተናግረው ሲጨርሱ ወደ መምህሮቻቸው ይዞራሉ። ይህን አስቀድሜ አልጠበቅሁትም ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. ያቋቋመው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሰዓሊዎች ዘንድ እንደ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ነው የሚቆጠረው፤ ማን ከማን ሥር እንደተማረ፣ ማን የማንን እጅ እንደወረሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሳይቀር ይነገራል። ታደሰ መስፍንን እንውሰድ። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ፣ በትምህርት ቤቱም ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ያስተማሩ ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቻቸው ውስጥ በየመንገዱ ዳር የሚቸረችሩ የጉሊት ሴቶች እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ቀጥ ብለው፣ ረዝመውና ገዝፈው ይቆማሉ። በርቀት የቆመችው ከቅርቧ እምብዛም አታንስም፤ መሬቱና ሰማዩ ተቀላቅለው አንድ የቀለም ሜዳ ሆነዋል፤ የሽንኩርቱና የድንቹ ሳህን ግን በቦታው አለ። በየቀኑ ጎንበስ ብለን ዋጋ የምንከራከራቸውን ሴቶች ሰዓሊው ቀና ብለን እንድናያቸው አድርጓል፤ ይህን ለመረዳት መግለጫ አያስፈልግም።

ከእሳቸው ተማሪዎች አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ወደ ጀርመን ሄዶ በሽቱትጋርት ተምሮ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ኖሮ ተመለሰ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቬኒስ ቢያናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ብሔራዊ ማሳያ ስትከፍት የተወከለችው በእሱ ሥራዎች ነበር። ከዚያ በፊት በ2022 የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅ የሆነችው መሪኮከብ ብርሃኑ በቢያናሌው ዋና ዐውደ ርእይ ተካፍላለች። ስለ ቬኒስ ሲነሣ አንዳንድ ወጣት ሰዓሊዎች ትንሽ ቅናት፣ ብዙ ኩራት ይታይባቸዋል፤ ወዲያው ግን ወሬው ወደ ሥዕል ክፍሉ ይመለሳል፤ ሞዴል ቆማ በከሰል የተሣለበት የጠዋት ትምህርት፣ መምህሩ አንድም ቃል ሳይናገሩ በአውራ ጣታቸው ያጠፉት ትከሻ፣ እንደዚህ ያለው ነገር።

አሁን ወደ ጋለሪው ልለፍ። ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባ ሥዕል ይታይ የነበረው በብዛት በውጭ የባህል ተቋማት፣ በሆቴሎችና በሰዓሊዎቹ መኖሪያ ቤት ነበር። ወይዘሮ ቆንጂት ሥዩም እ.ኤ.አ. በ1996 አስኒ ጋለሪን ሲከፍቱ፣ የግል ጋለሪ ማለት ከመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ብዙም ተለይቶ አይታይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ደግሞ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፤ ጥቂት ሰዓሊዎችን በቋሚነት ይዞ ሥራቸውን በዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ገበያዎች ማሳየት፣ ከዚያም ለንደን ላይ ቤት መክፈት። በሕፃንነቷ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ እስራኤል የሄደችውን ኒሪት ታከለን የመሰሉ በውጭ ያደጉ ሰዓሊዎች ከአዲስ አበባዎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የታዩትም በእንዲህ ያለው አሠራር ነው።

ያነጋገርኳቸው የጋለሪ ባለቤቶች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ችግራቸው ግድግዳ ነው። ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ተከራይተው መስኮቱን በሰሌዳ ይደፍናሉ፣ ብርሃኑ ሥዕሉ ላይ እንዳያንጸባርቅ አምፖሉን ያዘነብላሉ፣ አከራዩ ሚስማር እንዳይመታ ሲከለክል ከጣሪያ በሽቦ ያንጠለጥላሉ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር፣ ጀነሬተር ሲኖር ነዳጅ። አንድ ትልቅ ሥዕል ከስቱዲዮ ወደ ጋለሪ ለማምጣት አይሱዙ መከራየት ያስፈልጋል፤ ሾፌሩም ጭነቱ «ጨርቅ» መሆኑን ሲያይ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ እንዳያስርበት ሰው አብሮት ከኋላ ይጫናል። ከዚያ መክፈቻው አለ፤ መጥሪያው፣ ካታሎጉ፣ ወይኑ። የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ከመጡት መካከል የሚገዛው በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው።

ገዢውስ ማነው? ቀድሞ መልሱ አጭር ነበር፤ የኤምባሲ፣ የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የረድኤት ድርጅት ሠራተኞች። እነዚህ ሰዎች ጥቂት ዓመት ኖረው ሲሄዱ ሥዕሉም ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ትውልድ ሥራ ዛሬ በየዓለሙ ሳሎን ተበትኖ ይገኛል፤ የት እንዳለ የሚያውቅም የለም። አሁን ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ አዳዲስ አፓርታማ የገዙ የአገር ውስጥ ባለሀብቶችና ለክረምት የሚመጡ ዳያስፖራዎች ተጨምረዋል። አንዲት የጋለሪ ባለቤት እንዳጫወቱኝ፣ የአገር ውስጥ ገዢ ብዙውን ጊዜ የሳሎኑን ግድግዳ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይመጣል። መጀመሪያ ይናደዱ ነበር፤ አሁን ግን ፎቶውን ተቀብለው ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ቁመቱ፣ ሥዕሉ ምድጃ አጠገብ እንዳይሰቀል እየመከሩ፣ በዚያው ሰውየው ሊገዛ ካሰበው የተሻለ ነገር እንዲያይ ያደርጉታል። እኔም ለሥዕል ግድግዳ ያዘጋጀን ሰው ከማፌዝ ይልቅ ወንበር መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ኮሚሽን ሲነሣ ግን ቤቱ ይቀዘቅዛል። በዓለም አቀፉ ልማድ ጋለሪው የሽያጩን ግማሽ ይወስዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከሠላሳ በመቶ ጀምሮ እስከ ግማሽ የሚደርስ ስምምነት ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው በቃል ነው። ሰዓሊው ወራት የለፋበትን ግማሽ መስጠት ያንገበግበዋል። ባለጋለሪው ደግሞ ኪራዩን፣ ግብሩን፣ ያልተሸጡትን ሥዕሎች ሁሉ ይቆጥራል። የሁለቱ ጠብ መነሻ ግን በብዛት መቶኛው አይደለም፤ በጓሮ የሚደረግ ሽያጭ ነው። ገዢው ሥዕሉን ጋለሪ ውስጥ አይቶ፣ በዚያው ምሽት ሰዓሊውን በቴሌግራም አግኝቶ በግማሽ ዋጋ ይገዛል። ባለጋለሪው ክህደት ይለዋል። ሰዓሊው በበኩሉ የተሸጠ ሥዕል ገንዘብ ለወራት ሳይከፈለው መቆየቱን፣ የቤት ኪራይ ግን ቀን እንደማይጠብቅ ይናገራል። ሁለቱንም አዳምጬ የደረስኩበት ይህ ነው፤ በጓሮ መሸጥ ለሰዓሊው የዛሬውን እራት ይሰጠዋል፣ የነገውን ዋጋ ግን ያፈርስበታል፤ ምክንያቱም አንድ ሥዕል በግማሽ እንደተሸጠ በዚህች ከተማ ውስጥ ሳምንት ሳይሞላ የማይሰማ ሰብሳቢ የለም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ወደ ባለጋለሪዎቹ አደላለሁ፤ ነገር ግን ሥዕሉ በተሸጠ ማግስት የሚከፍሉትን ብቻ ነው።

ሌላው ሥዕሉን የሚወስነው ነገር ሻንጣ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ሥዕል ከፍሬሙ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ቱቦ ይገባል፤ ቅርስ አለመሆኑ ተረጋግጦም የመውጫ ፈቃድ ይጻፍለታል። በወፍራሙ የተቀባ የዘይት ቀለም ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ አክሪሊክ ግን ይታዘዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። ብዙ ሰዓሊዎች ከዘይት ወደ አክሪሊክ የዞሩበትን ምክንያት ስጠይቅ መጀመሪያ ስለ ቀለሙ ድምቀት ይነግሩኛል፤ ትንሽ ቆይቶ የካርቶን ቱቦው ነገር ይመጣል። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ዋሽንግተን በሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር የእሱን ፈለግ ተከትለው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሰዓሊዎች ይህን ጣጣ ከሌላው ወገን ነው የሚያውቁት፤ ቀለሙና ሸራው በእጃቸው ሞልቶ፣ ሥራቸውን ለአዲስ አበባ ተመልካች ለማሳየት ግን የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪው የማይቀመስ ሆኖባቸው ኖሯል።

የስቱዲዮ ቦታም እየጠበበ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መፍረስ ሲጀምር፣ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ የሥዕል ማሳያም የነበረው ፈንድቃ አብሮ ተነሣ። በየአሮጌው ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይሠሩ የነበሩ ሰዓሊዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ጣሪያው ዝቅተኛ፣ ደረጃው ጠባብ ነው፤ የሥዕሉን መጠን የሚወስነው እንግዲህ በደረጃው መታጠፊያ የሚያልፈው ነው። አንዱ ሁለት ሜትር የሚሆን ሥራውን በአራት ሸራ ከፋፍሎ ሠርቶ ጋለሪ ውስጥ ገጣጥሞ ሰቅሎታል። ስለ መከፋፈል የተጻፈውን ጥልቅ መግለጫ አንብቤ ሳደንቅ፣ ሰዓሊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የደረጃውን ስፋት ነገረኝ።

አንድ ነገር ግን ሁለቱንም ወገኖች ሳልወቅስ አላልፍም፤ ይኸውም መዝገብ ነው። ሥዕሉን ገልብጠው ጀርባውን ሲያዩት አንዳንዱ ላይ ስም የለም፤ አንዳንዱ ላይ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ አይታወቅም፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱ ልዩነት ደግሞ አንድን ሥራ ከአብዮቱ በፊት ወይም በኋላ የተሠራ ሊያደርገው ይችላል። ሰዓሊዎች ለዚህ ግድ የላቸውም፤ ጋለሪዎችም ከተሸጠ በኋላ ፎቶውን እንኳ የማያስቀምጡ አሉ። ፎቶውን የምታስቀምጥ አንዲት ባለጋለሪ ግን አውቃለሁ። ባለፈው ጊዜ ከመሳቢያዋ ወፍራም ደብተር አውጥታ አሳየችኝ፤ የሰዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ መጠኑ፣ ማቴሪያሉ፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ማን እንደገዛውና ወደየት አገር እንደሄደ በዓምድ በዓምድ ተጽፏል። ገጹን እየገለጠች በምታሳየኝ ጊዜ ሁሉ የዋጋውን ዓምድ በመዳፏ ሸፍናው ነበር።